የተሻላቸው ቀን

«አስተማሪ፣ እንጉዳይ በልቶ ሰው ይሞታል እንዴ?»

ይህን የጠየቀኝ ገመቹ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም፤ እኔ ከቀርከሃ በተሠራችው ክፍሌ ውስጥ ቆሜ የጧት ጸሎቴን እያደረስኩ ነበር። ገመቹ የሰፈራው አምባ ጤና ረዳት ነው። የወለጋ ልጅ፣ ጴንጤ ነው፤ ግን የሰው ጸሎት ያከብራል። ሌላ ጊዜ ቢመጣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። ያን ቀን በሩን ገፍቶ ገባ። ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት ከጥያቄው በፊት ከአገባቡ ነው።

«ማን በላ?» አልኩት።

«እናንየ፣ ከነልጆቿ። ከሌሊቱ ጀምሮ ከላይም ከታችም ነው። ኮሌራ መስሎኝ ነበር፤ ጎረቤት ግን አንድም ሰው አልታመመም። ድስቱን ሳይ እንጉዳይ ነው።»

ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ገና ያላገባሁ ወጣት ሴት ነበርኩ። የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሬ ስጨርስ አሶሳ ለመምህርነት ተመደብኩ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ መምህራንን በየሰፈራው አምባ እየበተኑ መሠረተ ትምህርት ያስተምሩ ነበርና፣ እኔ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ አምባ ደረሰኝ። ሰዎቹ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ የመጡ ናቸው። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነበርኩ። ውኃ ሳላፈላ አልጠጣም፣ አጎበር ሳልዘረጋ አልተኛም፣ ስብሰባ ላይ አልናገርም። ጾሜንም ጸሎቴንም ድምፅ ሳላሰማ ነበር የማደርገው፤ መንግሥት የቀጠረው መምህር ቤተ ክርስቲያን ሲያዘወትር ያን ጊዜ በደግ ዓይን አይታይም።

እናንየ ተማሪዬ ነበረች። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። እርሳሱን እንደ እንዝርት ታሾረዋለች፣ ፊደሏ ግን ያምራል። ባሏ ወደዚህ ሳይሳፈሩ፣ ወሎ ውስጥ በድርቁ መጠለያ አርፏል። ይዛ የመጣችው ሦስት ልጆቿን ነው፤ ወንዱን ሰጠኝን፣ ሴት ልጇን ካሳየን፣ እና ትንሿን ዘነቡን። ምላሷ የታወቀ ነው። የአምባውን ሊቀመንበር በሌለበት «ጓድ ስብሰባ» ነበር የምትለው፣ አንዳንዴም ባለበት።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። መንገዱ በጭቃ ስለተቆረጠ ለቀለብ የመጣው ስንዴና የዱቄት ወተት ብቻ ነው። ሽሮ የለም፣ አተር የለም። የሰፈራው ሰው ደግሞ ቢርበውም ፍልሰታን አይሽርም፤ ወተቱን ለሕፃናት ትቶ ደረቅ የስንዴ ቂጣ ይበላ ነበር። እናንየ ከቀርከሃው ጫካ ዳር፣ ዝናብ ካራሰው መሬት ላይ ነጭ እንጉዳይ አየች። በአገሯ ከብት በሚውልበት ሜዳ ላይ እሱን የሚመስል ይበቅላል፤ በጾም ይለቅሙታል፣ ወጥ ያደርጉታል። ያገሬ ነው አለች።

ግድየለሽ አልነበረችም። መጀመሪያ ቀን ቁራጭ ብቻ ቀቅላ፣ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት ለልጆቿ ሳታቀምስ ራሷ በላችው። አደረች። ምንም አልሆነችም። በማግስቱ ነው እፍኝ ሙሉ ለቅማ ወጥ የሠራችው። ቁራጭ ለመግደል አይበቃም፤ የበቃው ለማታለል ነው።

ቤቷ ስንደርስ ሦስቱም ሣር ላይ ተዘርግተዋል። እናንየና ሁለቱ ታላላቆች ማለቴ ነው። ትንሿ ዘነቡ በር ላይ ተቀምጣ የባዶ ቆርቆሮ ክዳን ታንከባልላለች። ገመቹ ጨውና ስኳር የበጠበጠበትን ውኃ በማንኪያ እያጠጣቸው፣ ያለችውን ግሉኮስ ለካሳየ ሰቀለላት። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ዋልን። የሚጠጡት ሁሉ ይወጣል። የሰጠኝ እግር ጅማቱ እየተኮማተረ ሲያስጮኸው እኔ እግሩን እያሸሁ ዳዊት እደግም ነበር።

በማግስቱ ተሻላቸው።

ማስመለሱ ቆመ፣ ተቅማጡም ቆመ። ሰጠኝ ራበኝ አለ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። እናንየ ተነሥታ ቤቷን ጠረገች። ጎረቤቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ «ፍልሰታ ነው፣ እመቤታችን ማረቻቸው» ይላሉ። ገመቹ ሳቅ በሳቅ ሆኖ መሣሪያውን ይሰበስብ ነበር። እኔም ከሁሉም ጋር እግዚአብሔርን አመስግኜ ወደ ክፍሌ ስመለስ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር መጣብኝና ቆምኩ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ እንጉዳይ መርዝ የሰማሁት ስለ እንጉዳይ በተማርንበት ክፍለ ጊዜ አልነበረም። ስለ ዘረመል፣ ስለ ዲ ኤን ኤና ስለ አር ኤን ኤ በተማርንበት ነው። በህዋሳችን፣ ሴል በምንለው፣ አስኳል ውስጥ ዘረመልን ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጡ ኢንዛይሞች ሦስት ዓይነት ናቸው። ሳይንቲስቶች ሦስቱን የለዩት ከአንድ እንጉዳይ በሚወጣ መርዝ ነበር፤ መርዙ አንደኛውን አይነካም፣ አንደኛውን በብዙ ሲሰጥ ብቻ ይይዛል፣ የፕሮቲን መልእክት የሚያወጣውን ግን በጥቂቱ አንቆ ያስቀረዋል። መምህራችን ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ ለጨዋታ ያህል ጣል ያደረጋት ነገር ነበረች። ይህን እንጉዳይ የበላ ሰው ለግማሽ ቀን ያህል ምንም አይሰማውም፤ ከዚያ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ይሻለዋል፣ ሐኪሙም ወደ ቤቱ ይሸኘዋል፤ ከዚያ በጉበቱ ይሞታል አለን። እኛም ሳቅን።

ተመልሼ ሄጄ ገመቹን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ሲበሉ ቀን፣ ሲጀምራቸው ሌሊት መሆኑን እያነሣሁ አብረን ስናሰላ ግን ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«መድኃኒቱስ?» አለኝ።

«እኔ የማውቀው የለም።»

ሊቀመንበሩ ለምነነው ከአሶሳ ሆስፒታል ጋር በሬዲዮ አገናኘን። ሐኪሙ ሰዓቱን ደጋግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ የሰማነው ወንዙ ከጎደለ አምጧቸው፣ እዚህም ያለው ግሉኮስ ነው፣ ቀስ እያላችሁ ስጡ የሚል ነው። ወንዙ ግን ትራክተር እንኳ የማያሻግር ሆኖ ሞልቶ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመናቸው እንሻገር ያሉ ወንዶች ሄደው አይተውት ተመለሱ።

ለእናንየ እንዳልነግራት ወስኜ ነበር። ልጠይቃት ስሄድ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ካሳየን ሹሩባ ትሠራታለች። አየችኝና ልጆቹን ወደ ውስጥ ላከቻቸው።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «ገመቹ ጧት ሲስቅ ነበር፤ አሁን ዓይኔን አያይም። አንቺ ደግሞ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ። ምንድነው?»

«ምንም።»

«አስተማሪ፣ እኔ መጠለያ ውስጥ ከርሜ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሰው ሊሞት ሲል አስታማሚው እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። ንገሪኝ።»

ነገርኳት። መርዙ ጉበታቸው ውስጥ እንዳለ፣ መሻሉ መሻል እንዳልሆነ። አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

«እንዴት ነው እየገደለኝ የሚሻለኝ?»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? በዙሪያዬ ያለውን ተመለከትኩ።

«የአምባውን ጽሕፈት ቤት አስቢው» አልኳት። «ዋናው መመሪያ ካዝና ውስጥ ነው፤ ከዚያ አይወጣም አይደል?»

«ጓድ ስብሰባም ይዞት አይወጣ።»

«ሰውነትሽም እንደዚያ ነው። በእያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ የማይወጣ መመሪያ አለ። ጸሐፊ አለው። ጸሐፊው ለዕለቱ ሥራ የሚፈለገውን ገጽ ይገለብጣል። ገና መገልበጥ ሲጀምር አናቱ ላይ ማኅተም ይመታበታል። መጀመሪያ የሚገለብጠው የሚረባውንም የማይረባውንም ነው፤ ከዚያ መሐል መሐሉ ላይ ያለው የማይፈለግ መስመር እየተቆረጠ ይወጣል፣ የቀረው ጫፍ ለጫፍ ተጋጥሞ ይለጠፋል። መጨረሻው ላይ እንዳይሸራረፍ ረጅም ጭራ ይቀጠልለታል። ያኔ ነው ከበር የሚወጣው። ማኅተም የሌለው ተቀዶ ይጣላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እርሻው ላይ ያለው ብርጌድ፣ የሥራ ቡድኑ፣ ያን ወረቀት እያነበበ ይሠራል። ወረቀቱ ብዙ አይቆይም፤ ይበጣጠሳል፣ ሌላ መምጣት አለበት። መርዙ መመሪያውን አላቃጠለም። ብርጌዱንም አልነካም። የጸሐፊውን እጅ ነው የያዘው። ብርጌዱ ትናንት በወጣው ወረቀት እየሠራ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ሥራ ያለ ይመስላል። አዲስ ወረቀት ግን እየመጣ አይደለም።»

ከዚያ አጠር ያለ ሳቅ ሳቀች። «ይሄ ጸሐፊማ የኛው ነው» አለች። «የሽሮውን ወረቀት እሱ አይደል ያስቀረብን?»

እኔ መሳቅ አቃተኝ።

«እጁን የሚፈታ የለም?»

«የለም፣ እናንየ።»

«የሰጠኝም? የካሳየም?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዘነቡ አልበላችም» አለች ፈጠን ብላ። «ጾም አልደረሰባትም፣ ወተቷን ነው የጠጣችው።»

«እሷ ምንም አትሆንም» አልኳት።

«እንግዲያው ስለ እሷ እናውራ» አለችና ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእናንየ ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ፤ ዘነቡ በማን እጅ ትቀራለች? ወላጅ የሌለውን ልጅ በመኪና እየሰበሰቡ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ይወስዱ እንደነበር እናንየ ታውቃለች። ማሳደጊያው ክፉ ነው አላለችም። የምትለው፣ ልጅቷ ገና ስሟን አጥርታ አትናገርም፣ ስሟ ከጠፋ የማን እንደነበረች ማን ይነግራታል ነው። አበዛሽ የምትባል እህት አላት። በአንድ ቀን ነበር የተሳፈሩት፣ መኪናው ግን ለየብቻ አደረጋቸው፤ እህቷ በባምባሲ በኩል ካሉት አምባዎች በአንዱ እንዳለች በወሬ ሰምታለች።

ከአምባ ወደ አምባ ለመሄድ ይለፍ ያስፈልጋል፤ ይለፍ ለማውጣት ደግሞ ጊዜ። ኢድሪስ የሚባል የበርታ ሰው በአህያ ጨውና ባሚያ እየጫነ በየአምባው ይነግድ ነበር። እናንየ ራሷ አስጠራችው። ሊቀመንበሩ ያለ ይለፍ እንዴት ትሄዳለህ ቢለው፣ «እኔ ይለፍ ምን ያደርጋል? አገሬ ነው» አለና አህያውን እኛ ዘንድ አስሮ በእግሩ ሄደ። ሊቀመንበሩም ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ደግ ሰው ነበር፤ ከእሱ በላይ ያለውን ይፈራ ነበር እንጂ።

ኢድሪስ በሄደ ማግስት የካሳየ ዓይን ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ የሰጠኝ። ከሰፋሪዎቹ ጋር የመጡ መምሬ አንድ ጎጆ ውስጥ ይቀድሱ ነበር፤ ልጆቹን አቆረቧቸው። ካሳየ በእናቷ ጭን ላይ ሆና እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሄደች። ሰጠኝ ጥቂት ቆየ፤ መጨረሻ ላይ ሰው አያውቅም ነበር፤ በአገሩ ያለ አንድ ወንዝ እየጠራ እንሻገር፣ እንሻገር ይላል። እኔና ገመቹ እጁን ይዘን ነበር። ገመቹ በኦሮምኛ ይጸልያል፣ እኔ በግእዝ። የሁለታችንም አልተሰማም።

ኢድሪስ ሲመለስ እናንየም ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ተኝታለች፤ ልቧን ግን ገና አልሳተችም። እሷ እንዳትሰማ ብዬ ወደ ውጭ ልወስደው ስል ከውስጥ ጠራችው።

«ኢድሪስ፣ እዚሁ ተናገር።»

ኢድሪስ መሬት መሬት አየ። «ወላሂ ፈለግሁ። ሁሉ ቤት ገባሁ። አበዛሽ የለም። ሴትዮ ባሏ ጋር ሱዳን ሄደ፣ ዝናብ ሳይመጣ ሄደ።»

እናንየ ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታ፣ «ድሮም ከእኔ እሷ ብልጥ ናት» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ውሰጃት።»

አላመነታሁም። አላገባሁም፣ ደሞዝ አለኝ፣ ክፍል አለኝ። እወስዳታለሁ አልኳት። መምሬንና ገመቹን ምስክር አደረገች። የዘነቡን የክርስትና ስም ነገረችኝ፤ ወለተ ኪዳን ነው። ከዚያ ደግሞ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግታ እንዲህ አለችኝ፦

«የበላን ቀን ዘነቡ ከወጡ ስጪኝ ብላ አለቀሰች። እጇን ስትሰድ መታኋት። ወጡ ጥቂት ነበር፤ ደረቅ ቂጣ ሲበሉ ለሰነበቱት ለጾመኞቹ ነው የሠራሁት። እሷማ ወተት አላት። ስታድግ፣ እናቴ ለወንድሜና ለእህቴ ሰጥታ እኔን ነፈገችኝ እንዳትል። ሕፃን ነች፣ እኔን ልታስታውሰኝ አትችል ይሆናል፤ ዱላ ግን ይታወሳል። ነፍጌያት አይደለም በያት።»

«እነግራታለሁ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር አይያያዝም። እሷም አረፈች። ከልጆቿ ጎን ቀበርናት።

ወንዙ የጎደለው ያን ጊዜ ነው።

ሊቀመንበሩ ልጅቷን ለእኔ ለመስጠት ከአሶሳ ፈቃድ ያስፈልገኛል አለኝ። ዘነቡን ለጎረቤት ሰጥቼ በጎደለው ወንዝ ተሻግሬ ሄድኩ። አሶሳ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስባል ሰነበትኩ፤ በመጨረሻ ግን ፈቃዱን አገኘሁ። ለልጅቷ የሚሆን ጫማ ገዝቼ ተመለስኩ።

ወንዙ ለእኔ እንደጎደለ ለመኪናውም ጎድሎ ኖሯል። ከየአምባው ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት እየሰበሰበ መጥቶ፣ ከዘነቡ ጋር ሌሎችንም ጭኖ ሄዷል። ገመቹ ሌላ አምባ ወባ ገብቶ ተጠርቶ ነበር። ጎረቤቲቱ ይህች ሰው አላት ብላ ተከራክራ ነበር፤ ወረቀቱ የታለ አሏት። ወረቀቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። መኪናው ወደ የት እንደሄደ ሊቀመንበሩ አያውቅም፤ አንዳንዱ በአሶሳ አለፈ ይላል፣ አንዳንዱ በባምባሲ ወደ ነቀምቴ።

ፈለግኋት። ፈቃድ በተሰጠኝ ቁጥር በየማሳደጊያው በር ቆምኩ። ዘነቡ የምትባል ልጅ አገኘሁ፤ እሷ አልነበረችም። መንግሥት ሲለወጥ ማሳደጊያዎቹም ተበተኑ፤ ከዚያ ወዲህ የምቆምበት በር እንኳ የለም። ከዓመታት በኋላ የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ሲከፈት ከሱዳን የሚመጡትን አበዛሽ የምትባል የወሎ ሴት ታውቃላችሁ ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። የሚያውቅ የለም።

እናንተ የምታነቡ ሆይ፣ ይህ ነገር እኔን ምን አደረገኝ ብትሉ፣ በፊት የነገርን ምክንያት ማወቅ የመዳን ግማሽ ይመስለኝ ነበር። እኔ ምክንያቱን እስከ ኢንዛይሙ ድረስ አውቅ ነበር፤ ማወቄ አንድም ሰው አላዳነም። እናንየን ሳልነግራት ብቀር ኖሮ አንድ ቀን ደስ ብሏት ትውል ነበር። ነገርኳት፣ ያን ቀን ለልጇ አዋለችው፣ እሱም ከንቱ ሆነ። የቱ ይሻል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ጾሟን ጠብቃ ሳለ ለምን እንዲህ ሆነባት ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ፍልሰታ ሲመጣ እጾማለሁ፤ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

አሶሳ የመጡት መምህራን ሁሉ ተዛውረው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። መርሐቤቴ የሄድኩት ወላጆቼን ለመቅበር ነው። እዚህ የቀረሁት ልጅቷ አንድ ቀን አገሬ የት ነበር ብላ ብትመጣ የምታገኘው ሰው ይኑር ብዬ ነው። እየዋለ እያደረ ግን ያን ተስፋ እንደ ልማድ ይዤው እንጂ አምኜበት አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዘረመልን ትምህርት አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ አስኳሉን ክብ አድርጌ እሥላለሁ፣ መገልበጡን፣ መቆረጡን፣ መቀጠሉን አስረዳለሁ፣ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ እናንተም ስሙኝ። እንጉዳይ በልቶ ያስመለሰው ሰው በማግስቱ ቢሻለው አትመኑት። በተሻለው ቀን ነው ወደ ሐኪም መሮጥ።

አሁን ልመናዬ በዚያ ክረምት እዚያ ለነበራችሁ ነው። ያን መኪና የነዳችሁ፣ ሕፃናቱን ያሳፈራችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ከሕፃናቱ አንዱ የነበራችሁ ካላችሁ፣ የት እንደወረዱ ንገሩኝ። ዘነቡ ትባል ነበር፤ ስሟን አጥርታ አትናገርምና በሌላ ስም ተመዝግባ ይሆናል። እናቷ የሰጠችኝ መልእክት እኔ ዘንድ ነው፤ ካገኛችኋት እናትሽ አልነፈገችሽም በሏት። ሞታም ከሆነ አትደብቁኝ። ጧት ጧት ወለተ ኪዳን ብዬ ስጸልይላት ከሕያዋን ጋር ነው የምጠራት፤ ቦታዋ እዚያ ካልሆነ ከእናቷና ከወንድም ከእህቷ ጋር ልጥራት።